ሐበሻ የሌለበት ግማሽ ሰዓት

እንግሊዝኛን በኢንተርኔት፣ ለብቻ፣ በር ዘግቶ፣ በዶላር እየከፈሉ መማርን የሚያብጠለጥሉ ሰዎች በዝተዋል። በነፃ ለሚገኝ ነገር ምን ገንዘብ አስወጣችሁ ይላሉ። ዩቲዩቡ ሞልቷል፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የተማራችሁት በእንግሊዝኛ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ታዲያ እርስ በርሳችሁ ብትለማመዱ ምን ይላችኋል? ጥያቄው የዋህ ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ ውስጥ አምስት ሰው በከበበው ጠረጴዛ ላይ እንግሊዝኛ ተናግሮ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ሕጉ የታወቀ ነው። በሐበሻ ፊት አሳምሮ የተናገረ ጉረኛ ይባላል። ተሳስቶ የተናገረ ደግሞ ስህተቱ በየሠርጉና በየለቅሶው ሲነሳለት ይኖራል። በሁለቱ መካከል ራስን እየነቀነቁ «የስ፣ የስ» ማለት ተፈቅዷል፤ በዚህ መንገድ ብዙዎች በክብር ጡረታ ወጥተዋል።

እንግዲህ በግል የኢንተርኔት ትምህርት የሚሸጠው እንግሊዝኛ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ገበያውን አላወቀውም። የሚሸጠው ሐበሻ የሌለበት ግማሽ ሰዓት ነው። ይህ ደግሞ አገር ውስጥ አይመረትም። ከውጭ የሚገባ ዕቃ በዶላር ቢገዛ ምን ያስደንቃል?

መንግሥትም ፍላጎቱን ቀድሞ ሳይረዳው አልቀረም። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲገባ፣ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣ ነበር። የፕላዝማው መምህር ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ማንም ሳይመልስለት መልሱን ራሱ ተናግሮ በደስታ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ተማሪው ላይ አፍጥጦ የማያውቅ መምህር አግኝተን የነበረው ያኔ ብቻ ነው። ሥርዓቱ አንድ ጉድለት ነበረበት፦ ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ስልሳ ሐበሾች ተቀምጠዋል።

አንድ ወዳጄ ይህን ጉድለት አርሞ እየተማረ ነው። መምህርቱ ማኒላ ናት። ማኒላ በአምስት ሰዓት ስለምትቀድመን፣ እሱ ከሥራ ወጥቶ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሲቀመጥ እሷ ዘንድ እኩለ ሌሊት ነው። ነቃፊዎች «ፊሊፒናዊት ምኗ ፈረንጅ ነው?» ይላሉ። እሺ፣ አሜሪካውያን በ1901 እ.ኤ.አ. ቶማስ በተባለች መርከብ አምስት መቶ ያህል መምህራን ጭነው እዚያ አራግፈዋል፤ እንግሊዝኛም እስከ ዛሬ ከአገሪቱ ሁለት ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ግን ይህን ማስረዳቱም ትርፍ ነው። መስፈርቱ ፈረንጅ መሆን አይደለም፣ ሐበሻ አለመሆን ነው፤ መምህርቷ ይህን መስፈርት ሙሉ በሙሉ ታሟላለች።

ክፍያውን የሚፈጽምለት ቨርጂኒያ ያለው የአክስቱ ልጅ ነው፤ እሱ በካርዱ ይከፍላል፣ ወዳጄ እዚህ ለአክስቱ በብር ይመልሳል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ሥርዓት ተለውጦ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ፣ ወዳጄ ሥጋ አቋረጠ እንጂ ትምህርቱን አላቋረጠም። በዚያ ሰሞን አንድ ቤተ ዘመድ «ያ ልጅ አሜሪካ ስንት ዘመኑ ነው፣ ለምን እሱ አያስተምርህም?» ብሎ ጠየቀው። ዝምታ ሆነ። ያን ዓይነት ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው ቤተሰብ የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ አልተረዳውም።

ቤት ውስጥም ቢሆን ሐበሻ አለ። የስምንት ዓመት ልጁ የግል ትምህርት ቤት ስለምትማር እንግሊዝኛው ከአፏ ይፈስሳል፤ አንድ ማታ በበሩ ቀዳዳ አዳምጣ «አባዬ፣ እንደዛ አይባልም!» አለችው። ከዚያ ወዲህ የሚማረው ግቢ የቆመ መኪናው ውስጥ፣ መስኮት ዘግቶ ነው። ልጁ እንግሊዝኛ እንድትናገር ለትምህርት ቤቱ ይከፍላል፤ የእሱን እንዳትሰማ ለማኒላ ይከፍላል። ሁለቱም ወጪዎች አስፈላጊዎች ናቸው።

የኔትወርኩን መቆራረጥም ሰዎች በከንቱ ያማርራሉ። ፊት ለፊት የሚያስተምር መምህር ፊት ቃል ሲጠፋብህ ምን ትሆናለህ? እዚህ ግን አፍህን በከፊል ከፍተህ፣ ዓይንህን ሳትነቅል ደርቀህ መቅረት ነው። መምህርቷ «ይሰማሃል?» እያለች ስትደክም ቃሉን መዝገበ ቃላት ውስጥ ትፈልጋለህ፣ ከዚያ በሕይወት ትመለሳለህ። ወዳጄ ይህን ጥበብ ከኃላፊ ጊዜ ግሦች ቀድሞ ነው የቻለው።

ፍሬ አላፈራም የሚል ካለ ባለፈው በመሥሪያ ቤቱ የሆነውን ይስማ። የውጭ አጋሮች መጥተው ስብሰባ ተደረገ። በፕሮጀክቱ ላይ ከወዳጄ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን በጠረጴዛው ዙሪያ አራት ባልደረቦቹ ነበሩ። ራሱን ነቀነቀ፣ «የስ፣ የስ» አለ፣ ቡና ጠጣ። ማታ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሙሉ ማብራሪያውን፣ ከነበጀቱ፣ ከነስጋቱ፣ አንድም ጊዜ ሳይደርቅ ለመምህርቷ አቀረበ። ሁለት ጥያቄ ጠየቀችው፤ መለሰ። በጣም ግሩም አለችው። ፕሮጀክቱ በአግባቡ ተብራርቷል፤ የተብራራው ማኒላ መሆኑ የቦታ ጉዳይ ነው።

መምህርቷ በቅርቡ ወሊድ ወጣች። ድረ ገጹም ምትክ አቀረበለት፦ ለንደን ተወልዶ ያደገ፣ በማስተማር ዲግሪ ያለው፣ በየማታው ክፍት ሰዓት ያለው፣ ዋጋው ከእሷ ያነሰ። ወዳጄ መግለጫውን እያነበበ ወደ ታች ወረደ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሰውየው ወላጆቹ ከጎንደር እንደሆኑና አማርኛም በመጠኑ እንደሚሰማ ጽፏል።

ወዳጄ ስልኩን ዘጋ። የማኒላዋ የወሊድ ፈቃድ ስንት ወር እንደሆነ አጣርቶ፣ እስክትመለስ ይጠብቃል።