ከኩንታሉ አንድ ግራም ተኩል

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ክላርክስተን፣ ጆርጂያ ውስጥ ቡና ልጠጣ ያለ ሰው ሁለት ነገር አይቀርለትም፤ ፓርኪንግ ማጣትና ጋሼን ማግኘት።

ያን ቀን ጋሼ ከጀበናው ቀድመው ፈልተው ነበር። ሌላ ስቴት ያለ የመንግሥት ኮሌጅ የምትማረው ልጃቸው ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ቆማ ወረቀት ስታድል ሴኩሪቲ መጥቶ «እዚህ አይቻልም፤ የንግግር ቦታው ከካፊቴሪያው ኋላ ነው፤ እሱም በቀጠሮ» ብሏታል። ማታ ደውላ አልቅሳ ነገረቻቸው። አባት ምን አሉ? «ደግ አደረገ!»

«ለትምህርት ነው እንጂ ወረቀት ልትበትን ነው የላክኋት?» አሉኝ።

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ሴኩሪቲውም አላነበበውም አሉ። በዚህስ ተስማምታችኋል።»

«አንተ ልጅ፣ ዝም አይነቅዝም።»

«አይነቅዝም ጋሼ። አይበቅልምም።»

ባለቡናዋ ሳቋን በማራገቢያው ከለለችው። ጋሼ ግን እንዲህ በአንድ ጡጫ የሚወድቁ ሰው አይደሉም። እኔም ሳያንሰራሩ ወሬ ጀመርኩላቸው።

«ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ሎረንስቪል ላይ ጆርጂያ ግዊኔት የሚባል የመንግሥት ኮሌጅ አለ። በፈረንጆቹ 2016 ቺኬ ኡዙዌግቡናም የሚባል ተማሪ እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሞ ወንጌል ይሰብካል፣ ወረቀት ያድላል። እንደ ልጅዎ ‹ወደ ንግግር ቦታው ሂድ› አሉት።»

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ወንጌል ነው ያልከው?»

«ወንጌል።»

«ታዲያ ሰባኪ ይከለከላል? ምን ዓይነት ዘመን ነው!»

«ጋሼ፣ ‹ደግ አደረገ› ካሉ እኮ አምስት ደቂቃ አልሞላም። ሴኩሪቲው ያው ሴኩሪቲ ነው፤ የተለወጠው ወረቀቱ ነው።»

መልስ አልሰጡኝም፤ ፈንዲሻ ዘገኑ። ቀጠልኩ። የኮሌጁ የንግግር ቦታ ሁለት ቁራጭ ሲሆን ክሱ እንደሚለው ሁለቱ ተደምረው ከግቢው 0.0015 በመቶ እንኳ አይሞሉም። በቁጥር ሲሉት ጆሮ ላይ አይቀመጥም፤ በጤፍ እንስፈረው። አንድ ኩንታል ጤፍ ገዝተው ቤትዎ ሲገቡ ሚስትዎ ከኩንታሉ አንድ ግራም ተኩል በጣቷ ቆንጥራ «ይኸው የእርስዎ ድርሻ፣ በነፃነት ይብሉ» ብትልዎት ማለት ነው። ያም ሁልጊዜ አይደለም። ቦታዎቹ ክፍት የሚሆኑት ከሳምንቱ ሰዓት 10 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። ለዚያውም ቅጽ ሞልቶ፣ አስፈቅዶ።

«ይሁና፣ ቦታ ሰጥተውታል» አሉ ጋሼ፤ ጠበቃ ቢሆኑ የሚከሰስ ኮሌጅ ሁሉ የሚቀጥራቸው ሰው ናቸው። «ሁሉ ነገር በሥርዓት ነው።»

«እሱም በሥርዓት ሄደ። ቅጹን ሞላ፣ ፈቃድ አገኘ፣ በተፈቀደለት ቀን በተፈቀደለት ቦታ ቆሞ መስበክ ጀመረ። ያኔም መጥተው ‹አቤቱታ ቀርቦብሃልና አቁም› አሉት። ከአንድ ግራም ተኩሉ ላይ ግራሟን ወሰዱበት!»

እዚህ ላይ ጋሼን ራሳቸውን ካልነካሁ ተረቡ ጨው አልባ ይሆናል። የእኛ ሰበካ ስብሰባ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ ሲያንስ አርባ ደቂቃው የጋሼ ነው። ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን ያያል፣ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ይዘጋል፣ ሕፃናት ተኝተው ይነሣሉ፤ ጋሼ ገና «ወደ ዋናው ነጥቤ ስመጣ» ላይ ናቸው።

«ጋሼ፣ በኮሌጁ ሚዛን ስንሰፍርልዎት ከሦስት ሰዓቱ የሚደርስዎት የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ነው። ‹እንደምን› ሳይሉ ‹ዋላችሁ› ያልፍብዎታል።»

«እኔ የምናገረው ለጉባኤው የሚጠቅም ነው!»

«ቺኬም እንዲያ ነበር ያለው። ልጅዎም እንዲያ ነው ያለችው። የማይጠቅም ነገር እናገራለሁ ብሎ የቆመ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

የፍርድ ቤቱ ታሪክ ደግሞ ራሱን የቻለ ተረብ ነው። ኮሌጁ መጀመሪያ ያቀረበው መከላከያ የልጁ ስብከት «ለጠብ የሚጋብዝ ቃል ነው» የሚል ነበር። ወንጌሉ! ይህ እንደማያስኬድ ሲያይ ደንቡን ለወጠና «እንግዲህ ደንቡ ስለተቀየረ ክሱ ይዘጋልን» አለ። ድስት ሰብሮ ሲያበቃ «አዲስ ገዝቻለሁ፣ ስለ ድሮው ምን ታወሩብኛላችሁ» እንደሚል እንግዳ። የሥር ፍርድ ቤቶች እሺ አሉት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2021፣ 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ፣ መብቱ የተነካበት ሰው የሚጠይቀው ካሣ አንድ ዶላር እንኳ ቢሆን ክሱ በሕይወት ይኖራል አለ። ብቻቸውን የተቃወሙት ዋናው ዳኛ ጆን ሮበርትስ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ የካሣውና የጠበቃው ክፍያ ከ800,000 ዶላር በላይ ሆነ።

«በአንድ ዶላር ጀምሮ?» አሉ ጋሼ፤ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸውና ቆጣሪ ሲሮጥ ያውቃሉ።

«የመንግሥት ኮሌጅ ሲከፍል ደግሞ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ታክስ የሚያሠራልዎትን ልጅ ይጠይቁት።»

ይህ ነገር የነካቸው መሰለኝ። ይሁንና ሌላ በር አገኙ። «ሰባኪ ሌላ፣ ረብሸኛ ሌላ። ያ ግራ ቀኝ የሚጮኸው ሁሉ እኩል ሊታይ ነው?»

«ስለ ረብሸኛ ካነሡ በርክሌይ እንሂድ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ቀን 1964፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ። ጃክ ዋይንበርግ የሚባል ወጣት የሲቪል መብት ወረቀት ይዞ ጠረጴዛ ስለዘረጋ ፖሊስ ይዞ መኪና ውስጥ ከተተው። ተማሪው መኪናውን ከቦ መሬት ላይ ተቀመጠ። መኪናው ለ32 ሰዓት ከቆመበት አልነቃነቅ አለ፤ ዋይንበርግም ኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ። ተናጋሪዎቹ በተራ ጣሪያው ላይ እየወጡ ተናገሩ። ማሪዮ ሳቪዮ ሊወጣ ሲል ምን አደረገ መሰልዎት? ጫማውን አወለቀ። ጣሪያው እንዳይቧጨር!»

«ጫማውን?»

«ጫማውን። ባለፈው ገና እርስዎ ቤት ምንጣፉን በጭቃ ጫማ ያለፈው ዘመድዎ ረብሸኛ አልተባለም።»

እርግጥ ነው፣ ሁለት ወር ቆይቶ ነገሩ ከረረ፤ አስተዳደር ሕንፃው ውስጥ ገብተው የተቀመጡ 800 ያህል ተማሪዎች ታሰሩ። ያንን አልደበቅኋቸውም። ሕንፃ መያዝና መናገር አንድ እንዳልሆኑ እኔም አውቃለሁ፤ ክፍል ገብቶ መምህሩን አላስተምር ያለ፣ ተናጋሪን በጩኸት ያፈነ፣ ሰው የዛተበት፣ እሱ የሰው ንግግር ቀማ እንጂ አልተናገረም። ሕጉም ለዚያ መላ አለው። እኔ የምከራከረው ከቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ቆማ ወረቀት ስለያዘች ልጅ ነው።

«ደግሞ ጋሼ፣ ጋሻውን ማን እንዳቀበለን ያስቡ። በ1972 በኮኔቲከት የሚገኝ የመንግሥት ኮሌጅ ግራ ዘመም የተማሪ ማኅበርን አልመዘግብም ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታ። የሰባኪው መብት የቆመው እነዚያ ጸጉራቸውን ያሳደጉ የቬትናም ጦርነት ተቃዋሚዎች በጣሉት መሠረት ላይ ነው። በትምህርት ቤት ጸሎት ጉዳይ ከሃይማኖተኞች ጋር ሲካሰስ የኖረው የአሜሪካ ሲቪል ነፃነቶች ኅብረት (ACLU) እንኳ ለቺኬ ወግኖ ጽፏል። እነሱ ‹ደግ አደረገ› አላሉም።»

«ታዲያ ዛሬ ሁሉም ገብቶታል በለኛ።»

«እንዴት ተብሎ! ቴክሳስን ይመልከቱ። በ2019 የመንግሥት ኮሌጆች ሜዳ ለማንም ተናጋሪ ክፍት ይሁን ብላ ሕግ አወጣች፤ ወግ አጥባቂ ተናጋሪዎች ተገፉ በሚባልበት ሰሞን። በ2024 ስለ ጋዛ የሚሰለፈው ተማሪ ድንኳን ሲተክል ሐሳቧን ለወጠች፤ በ2025 ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሐሳብን መግለጽ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሌሊት ሐሳብ የመጣለት ተማሪ እስኪነጋ ትራሱ ሥር ያስቀምጠው! በዚያው ዓመት የፌዴራል ዳኛ አገደው።»

ጋሼ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ዝም አሉ፤ ያኛው ዝምታ ከምላስ እጥረት የመጣ አልነበረም። በ1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። አርባ ያህል መምህራን ባንድ ጊዜ ከሥራ የተሰናበቱበት ዓመት ነው። «ትናንት ያስተማረኝ ሰው በማግሥቱ ግቢ አይገባም ተባለ» አሉ ስኒውን እያዞሩ። «ልጄ ወረቀት ያዘች ሲሉኝ እኔ የሰማሁት ያንን ነው።»

ለዚህ ተረብ የለኝም። ቡናዬን ጠጣሁ።

ሁለተኛው ሲቀዳ ግን ያው ጋሼ ተመለሱ። «ቆይ፣ ኤሞሪ የሚማረው የወንድሜ ልጅም እንደዚህ ይከራከራል?»

«ኤሞሪ የግል ነው። የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያው ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ነው። ጆርጂያ ስቴት የመንግሥት ነው፤ ሜዳውም እንደ ሕዝብ መንገድ ነው። የግል ኮሌጅ ግን ራሱ ቃል ካልገባ በቀር እንደ ሰው ቤት ነው፤ ባለቤቱ ዝም በል ካለ ዝም ነው።»

«የልጄስ?»

«የልጅዎ የመንግሥት ነው። ስቴቱ ሕግ አውጥቶ እንደሆነ ትይ። ቨርጂኒያ በ2014 የንግግር ቦታ ብሎ ማጠርን ከልክላለች፤ የእኛዋ ጆርጂያም በ2022 ተከትላለች። ደንቡን በጽሑፍ ትጠይቅ፣ የሴኩሪቲውን ቃል ትመዝግብ...»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ከጎን ያሉት ዞረው አዩኝ። ባለቡናዋ ማራገቢያዋን አስቀምጣ «እስቲ ቀስ በሉ፣ ሰው ቡና እየጠጣ ነው» አለች።

«ሐሳቤን ልጨርስ እንጂ!» አልኳት።

ጋሼ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «የግል ቤት ነው» አሉኝ፤ ዓይናቸው እየሳቀ። «ባለቤቷ ዝም በል ካለች ዝም ነው። አሁን አይደል ያስተማርከኝ?»

የሁላችንንም ሂሳብ ከፈልኩ። ወደ መኪናው ስሄድ ጋሼ ደጃፉ ላይ ቆመው ስልክ እየደወሉ ነበር። «አንቺ፣ ያ ወረቀት ምን ይላል? እስቲ አንብቢልኝ» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ሳይናገሩ አዳመጡ፤ ለጋሼ ይህ በሰበካ ቃለ ጉባኤም ተመዝግቦ አያውቅም።