ነገረ ብል

ስለ ሥነ ፍጥረት የጻፉ ሊቃውንት ነፍስ ያላቸውን ሁሉ በየብስ የሚመላለሱ፣ በባሕር የሚርመሰመሱና በአየር የሚበሩ ብለው በሦስት ሲከፍሉ፣ በሣጥን የሚኖሩትን ሳያነሡ ማለፋቸው ነገሩ የሚናቅ ሆኖ ሳይሆን፣ ምናልባት የክት ልብስ ስላልነበራቸው ይሆናል። ይህች አጭር ድርሰት ያንን ጉድለት ለመሙላት ተጻፈች።

በግዕዝ ፃፄ፣ በአማርኛ ብል የሚባለውን ይህን ፍጥረት ወንጌላዊው ማቴዎስ በ6ኛው ምዕራፍ ከዝገትና ከሌባ ጋር ቆጥሮት ሳለ፣ የአውሮፓ ተመራማሪዎች የላቲን ስም አውጥተው በመዝገባቸው ያስገቡት ገና በ1823 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በትውልዱ ከእሳት እራት ወገን ነው፤ ነገር ግን ዘመዶቹ ኩራዝ በበራ ቁጥር እየገቡበት ስማቸውን ሲያስመሰክሩ፣ እርሱ ብርሃን ሲያይ ወደ ልብስ እጥፋት ይሸሻልና፣ እራት ከመሆን እራት መብላት ይሻላል ያለ ባለ አእምሮ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ብዙ ምእመናን የሚሳሳቱበት ነገር ግን አለ። ሲመሽ ከቁም ሣጥን ሥር ብቅ የሚለውን፣ ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላውን ባለ ወርቅማ ክንፍ በሁለት መዳፋችን አጨብጭበን ስንገድል ወንጀለኛውን የቀጣን ይመስለናል፤ ዳሩ ግን ብል ክንፍ ካወጣ በኋላ አፉ ለመብል የማይሆን ስለሆነ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ እህል የማይቀምስ ፍጹም ጾመኛ ነው። ከዚህም በላይ ሴቲቱ ዕንቁላሏ ከብዷት መብረሩን ትታ በእግሯ መሮጥ ስለምትመርጥ፣ በጭብጨባችን የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ባሕታዊ ነው፤ እናቲቱም ከ40 እስከ 50 የሚደርሱ ዕንቁላሎቿን በኮታችን ውስጥ አኑራ ጨርሳለች። ወላጆቹ የጾሙትን ሁሉ የሚያካክሰው ሕፃኑ ትል ነው።

የዚህ ሕፃን ማዕድ ጠጉር ነው። ጠጉር፣ ላባና ጥፍር የተሠሩበት ኬራቲን የሚባለው ነገር በድኝ ሰንሰለት ተጠላልፎ የታሰረ በመሆኑ የሰው ሆድ አይፈታውም፤ የብል ልጅ ሆድ ግን ይፈታዋል። ስለዚህ የመንዝ ባናና በርኖስ፣ የሱፍ ካባና ኮት ለእርሱ ፍሪዳ ሲሆኑ፣ ጋቢና ነጠላ ጥጥ ናቸውና ካላደፉ በቀር እምብዛም አይቀርባቸውም። የሐር ዋሻ ሠርቶ ሲመገብ የሚጥለው ኩስ እንኳ የበላውን ልብስ ቀለም ይይዛል፤ ከጥቁር ኮት ጥቁር፣ ከቀይ ምንጣፍ ቀይ።

ለዘመድ ሠርግ ጥቁር የሱፍ ኮቴን ከሣጥን ባወጣሁ ጊዜ 7 ቀዳዳ ቆጠርሁ። በዘፈቀደ የተበሱ መስለውኝ ነበር፤ ነገር ግን ትሉ ላብና ቅባት የነካውን ሱፍ ከንጹሑ አብልጦ እንደሚወድ ከተረዳሁ በኋላ ወደ መስኮት አቅርቤ ብመረምራቸው፣ በደረቱ ላይ ያሉት 3ቱ የዶሮ ወጥ የተንጠባጠበባቸው፣ በብብት ያሉት 2ቱ እስክስታ ስወርድ ያላበኝ፣ በእጅጌው ጫፍ ያሉት 2ቱ ደግሞ ሰው ሳያየኝ አፌን የጠረግሁባቸው ቦታዎች ሆነው አገኘኋቸው። የጠፋሁበትን ድግስ ትቶ የተገኘሁበትን ብቻ የጻፈ፣ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ኖሮኛል!

ብል የአዘቦቱን ትቶ የክቱን የሚመርጠውም በምክንያት ነው። እኔ ኮቱን በዓመት 3 ቀን ስለብሰው፣ እርሱ 362 ቀን ማንም ሳይነካው በጨለማ ይኖርበታልና፣ በይዞታ ክርክር ብንቀርብ ዳኛው ለማን እንደሚፈርድ መገመት አያዳግትም። መድኃኒቱም ውድ አይደለም፤ ልብስን ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማራገፍና መቦረሽ፣ ከሁሉም በላይ መልበስ ነው።

ይህን ድምዳሜ ለባለቤቴ ባነበብሁላት ጊዜ እስከ መጨረሻው በጥሞና ከሰማችኝ በኋላ፣ «ታዲያ እንዲህ ያለ ኮት በአዘቦት ይለበሳል?» ብላ፣ ቀዳዳዎቹን ልብስ ሰፊ ዘንድ አስደፍና፣ ለሚመጣው ሠርግ በሣጥኑ ቆልፋበታለች።