ሥርዓተ አቤቱታ ወአርምሞ

አባቶቻችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዚህ ነገር እጅግ ያልታረሙ ሰዎች ነበሩ። የተበደለ ሰው ጎሕ ሳይቀድ ከጌታው ደጅ ቆሞ «አቤት! አቤት!» እያለ ይጮኽ፣ መኳንንቱንም ከጣፋጭ እንቅልፋቸው ይቀሰቅስ፣ ችሎት ሲቀመጥም በደሉን በሰው ፊት አፍ አውጥቶ ይናገር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾመው ሥራን በየክፍሉ ካደላደሉ፣ ማኅተምና መዝገብ ቤት፣ ቃለ ጉባኤና ግልባጭም ተከትለው ከመጡ ወዲህ ግን ይህ ነውረኛ ጩኸት ቀስ በቀስ ተሽሮ፣ እነሆ ዛሬ ችግርን ለአለቃ የማቅረብ ጥበብ ከፍጹምነት ማዕርግ ደርሷል፤ ፍጹምነቱም የሚታወቀው ችግሩ ቀርቦ ሳለ አለመቅረቡ ነው።

የአለቃ ቢሮ እንደ ቤተ ክርስቲያን በሦስት የተከፈለ መሆኑን ያላስተዋለ ሠራተኛ ገና ንኡሰ ክርስቲያን ነው። ባለጉዳይ ቆሞ የሚውልበት ኮሪደር ቅኔ ማኅሌቱ፣ ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን ቃለ በረከት የምታሰማበት ክፍል ቅድስቱ፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለው ባለምንጣፉ ክፍልም መቅደሱ ሲሆን፣ ወደዚህ የታደለ ሰው ሲገባ ጫማውን ባያወልቅም ቅሬታውን አውልቆ መግባት ይገባዋል። አለቃው «በራችን ሁልጊዜ ክፍት ነው» ሲሉ ሐሰት አይናገሩም፤ በሩስ ክፍት ነው፤ ያስቸገረው ከበሩ እስከ ወንበራቸው ያለው መንገድ ነው።

እንግዲህ የመዝገብ ክፍሉ ጣሪያ አፍስሶ ክረምቱ በፋይሎቹ ላይ ይወርዳል እንበል። ያልሠለጠነ ሠራተኛ «ጌታዬ፣ ጣሪያው ያፈሳል» ብሎ በሦስት ቃል ይገላገለዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ለሹመት ቀርቶ ለሻይ ግብዣም አይታጭም። ምሁሩ ሠራተኛ ግን አስቀድሞ የአለቃውን ጤንነት፣ ቀጥሎም የልጆቻቸውን ትምህርት ጠይቆ፣ ድርጅቱ በእርሳቸው ዘመን ያገኘውን ልማት ካወደሰ በኋላ፣ የዘንድሮው ክረምት ለገበሬው መልካም መሆኑን፣ ዝናምም የእግዚአብሔር በረከት መሆኑን፣ ይህም በረከት ከመዝገብ ክፍሉ እንኳ አለመለየቱን በፍጹም ትሕትና ያመለክታል። አለቃውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ያሰናብቱታል። ጽሑፍ ያስፈለገ እንደ ሆነም ማመልከቻው «ጉዳዩ፦ ትብብር እንዲደረግልን ስለ መጠየቅ» ይላል እንጂ ጣሪያን በስሙ አይጠራም፤ ከምስጋናውና ከአክብሮት ሰላምታው መካከል ውኃው ጠብ የሚለው በአራተኛው አንቀጽ ላይ ነው፤ አለቃ ደግሞ እስከ አራተኛው አንቀጽ አንብበው አያውቁም።

በቅርብ ዘመን ደግሞ «ችግር ሳይሆን መፍትሔ ይዛችሁ ኑ» የሚል አዲስ ስብከት ተሰምቷል። እጅግ የተወደደ ስብከት ነው! ቆርቆሮ የሚገዛበት በጀትም፣ በጀቱን የሚያንቀሳቅሰው ፊርማም በአለቃው እጅ ስለሆነ፣ ለሠራተኛው የቀረለት መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ባልዲ ነው። ደፍሮ የተናገረውም ቢሆን በቃለ ጉባኤው ላይ «አቶ እከሌ ያነሡት የጣሪያ ችግር» ተብሎ ስለሚጻፍ፣ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ጣሪያው የድርጅቱ መሆኑ ሳይቀር፣ ችግሩ ብቻ የአቶ እከሌ ርስት ሆኖ ይኖራል። (ስሙን መግለጥ የሚፈራ «የሐሳብ መስጫ» በተባለው ሣጥን ይጠቀም ይባላል፤ እኔም ይህን ሣጥን ከዕቃው ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ቁልፉ ያለው ወረቀቱ ስለ እርሱ ከሚጻፍበት ሰው ዘንድ ነውና።)

ሕግ እጠቅሳለሁ የሚል ደፋርም አይጠፋም። በእርግጥ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ የሥራ ውል ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም ብሎ ደንግጓል፤ አለቃችንም ሕግ አክባሪ ስለሆኑ በቅሬታ ምክንያት ማንንም አሰናብተው አያውቁም። ያን ባለሦስት ቃል ሠራተኛ እንኳ አልተቆጡትም፤ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» በሚል ደብዳቤ፣ ከደመወዙ ሰባራ ሳንቲም ሳይነካ፣ የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ አድርገው ሾሙት፤ ሐምሌም በገባ ጊዜ ፋይሎቹ ስለ ምን እንደራሱ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዳ አዘዙት።