መጽሐፉ ይቆየን፣ ካባው ይቅደም

ከአሳታሚዎቻችን አንዱን፣ ስሙን ልተወውና፣ ሳላወድስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ቤቱ በዓመት ከሚያሳትማቸው መጻሕፍት ይልቅ የሚደግሳቸው የክብር ምሽቶች ይበዛሉ። ከደራሲ ጋር ሲፈራረም ያከብራል። ረቂቁ ማተሚያ ቤት ሲገባ ያከብራል። መጽሐፉ ሲወጣ ያስመርቃል፤ በዓመቱ ደግሞ የምረቃውን መታሰቢያ ያዘጋጃል። በመጨረሻ ራሱ ባቋቋመው ሽልማት ራሱ ያሳተመውን ደራሲ ይሸልምና "ደራሲያችን ተሸለመልን" ብሎ የደስታ መግለጫ ያወጣል። ሰሞኑንም ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፤ ተሸላሚው አሳታሚ ተሸላሚ ደራስያኑን ዳግም ሊሸልም ነውና አብሬ እንድደሰት ተጠይቄያለሁ። ደስ ብሎኛል። እንዲያውም ደስታው እንቅልፍ ነስቶኛል።

ምቀኞች "ራሱ ሸላሚ፣ ራሱ ተሸላሚ፣ ራሱ አጨብጫቢ" ይላሉ። ምን ክፋት አለው? በንጉሡ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ከበደ ሚካኤልንና ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሲሸልም አሳታሚያቸው አልነበረም። እንግዲህ ዳኞቹ ሥራቸውን ማንበብ ግድ ሊሆንባቸው ነው! ሸላሚውና አሳታሚው አንድ ሲሆን ግን ማንም ዓይኑን አያደክምም፤ አሸናፊው ገና ውል ሲፈረም ይታወቃል። ፈረንሳዊው ዣን ፖል ሳርትር በፈረንጆቹ 1964 ኖቤልን የሚያህል ሽልማት "አልቀበልም" ማለቱም ይህን አሠራር ባለማየቱ ይመስለኛል። ደግሞ ስቶክሆልም ካባ የለም።

እኛ ዘንድ ግን አለ። ጥሪው 11 ሰዓት ይላል፤ የክብር እንግዳው 1 ሰዓት ይደርሳሉ። መድረክ መሪው የደራሲውን የሕይወት ታሪክ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጀምሮ ያነበንባል። አንድ ምሁር ይነሡና "ገና እያነበብኩት ቢሆንም" ብለው ጀምረው መጽሐፉን ግማሽ ሰዓት ይተነትኑታል። ማሲንቆ ይመታል። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ አይነበብም፤ ሰዓት የለማ! ከዚያ ሁለት ልጃገረዶች ጥቁር የከፋይ ካባ በትሪ ይዘው ብቅ ይላሉ፤ ዳር ዳሩ በወርቅማ ክር የተጠለፈ፣ ደረቱ ላይ ሰንሰለት ያለው። የክብር እንግዳው አንሥተው ደራሲው ትከሻ ላይ ጣል ሲያደርጉት አዳራሹ በእልልታ ይናወጣል። ከሥር ያለው ጃኬት ኮሌታው ማለቁ ያኔ አይታይም። ካባ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

እኔ ካባን ተቃውሜ አላውቅም። የኢትዮጵያን ሥነ ጽሑፍ የሚያድነውም እሱ ነው ባይ ነኝ። እስቲ ረጋ ብለን እናስላው። አንድ መጽሐፍ የምረቃ ካባ አለው፤ የሽልማት ካባ አለው፤ የመታሰቢያ ካባ አለው። ሦስት መጽሐፍ የጻፈ ሰው ዘጠኝ ካባ አለው ማለት ነው። ደራሲያችን የሚኖረው ደግሞ ሰው ግቢ ውስጥ በተከራያት አንዲት ክፍል ነው። ዘጠኝ ካባና የመጽሐፍ መደርደሪያ በአንዲት ክፍል አብረው አይኖሩም፤ ስለዚህ መደርደሪያው ይወጣል። መጻሕፍቱ በኪሎ ተመዝነው ለባለ ሱቁ ይሸጡና በርበሬና ሽሮ ይጠቀለልባቸዋል። መጽሐፍ በየቤቱ ይግባ እያልን ስንጮህ የኖርነው ለዚህ አይደል?

አንድ ቀን አከራዩዋ በመስኮት አጮልቀው ያያሉ። "የኔ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ካባ ያንተ ነው? እኔ እኮ የለህም ብዬ ነበር የማዝንልህ!" በወሩ ኪራይ ይጨመራል። ወሬው ለእድሩ ሰብሳቢ ይደርሳል፤ ለድንኳን መግዣ መዋጮ ሲመደብ የደራሲው ስም ከባለ ወፍጮው ቀጥሎ ይጻፋል። ሰፈር ውስጥ ሽማግሌ በተላከ ቁጥር የራሱ ካባ ያለው እሱ ነውና ከፊት ይሰለፋል፤ ቅዳሜና እሑድ ብዕር አይነካም።

ከዚያ ጥር ይገባል፤ የሰርግ ወር ነው። ማታ በሩ ይንኳኳል፤ ሚዜዎች ናቸው። "ጋሼ፣ ካባ ያከራያሉ ሲሉ ሰምተን ነበር።" ደራሲው ሊቆጣ አፉን ይከፍትና የቤት ኪራዩ ትዝ ይለዋል። "ለሙሽራው ብቻ ነው ወይስ ለአባትየውም?" ብሎ ይጠይቃል። ዐቢይ ጾም እስኪገባ፣ ከፋሲካም በኋላ እንደገና፣ ዘጠኙም ካባ ሥራ አይፈታም። እሰይ! ከድርሰቱ ፍሬ በልቶ የሚያድር ደራሲ በአገራችን ተገኘ!

አሳታሚው ይህን ሰምቶ ዝም ይላል? ቀጣዩ ውል ላይ ከፊልምና ከትርጉም መብት በፊት "ከካባ ኪራይ የሚገኝ ገቢ" የሚል አንቀጽ ይገባል። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ምሥጢሩ ይገለጥለታል፤ ወረቀት በውጭ ምንዛሪ እየመጣ፣ ዋጋው በየጊዜው እየተሰቀለ፣ መጽሐፉ ራሱ ቢቀርስ? አርታኢው ይሰናበትና ጥልፍ ዐዋቂ ይቀጠራል። አራሚው ይሰናበትና ልብስ ሰፊ ይተካዋል። ልብስ ሰፊ ቢያንስ ለክቶ ይቆርጣል።

ይህን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ከዚሁ ቤት ተሸላሚ የተባለ ልብ ወለድ ገዝቼ ነበር። ገጽ 96 ላይ ሴትዮዋ ከባሏ የመጣ ደብዳቤ ልትከፍት ነው። ገለጥ ሳደርገው ገጽ 113 ነው፤ ሰልስቷ ወጥቶ ለቀስተኛው ንፍሮ እየዘገነ ነው። መካከል ላይ 16 ገጽ ሳይጠረዝ ቀርቷል። ምን እንደገደላት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ደወልኩ። አንዲት ጨዋ ልጅ አነሣች፤ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋት።

"ጋሼ፣ እሱ እኮ ተሸላሚ ነው" አለችኝ።

"ይሁን፤ ግን ገጽ ጎድሎታል።"

"ዳኞቹ ምንም አላሉም።" ቀጥላም ለሚቀጥለው ምሽት የጥሪ ካርድ ይላክልዎት ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

የቀረውን ጥቅም ባጭሩ ልጥቀሰው። ሐያሲ ከሥራ ተገላግሏል፤ የተሸለመን ማን ይነቅፋል? የሽፋኑ ጀርባ ተሸላሚዎች ስለ ተሸላሚው በጻፉት አስተያየት ይሞላል፤ ዛሬ ያወደሰ ነገ ይወደሳል። አዟሪዎችም ሸክም ቀሎላቸዋል። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጻሕፍት ቆልሎ የታቀፈ ልጅ አግኝቼ ያንኑ ተሸላሚ መጽሐፍ ብጠይቀው "እሱ በቲቪ ብቻ ነው ያለው" አለኝ። ደሴና ጅማ ያለው አንባቢማ ላም አለኝ በሰማይ እያለ ይኑር።

የቀድሞዎቹ ኋላ ቀር ነበሩ። የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ፊደል ላልቆጠረው ሰው ጭምር የደረሰው ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። እስቲ አስቡት፤ ስለ መጽሐፉ ዲስኩር መደርደር ሲቻል መጽሐፉን ራሱን ማንበብ! ኩራዝ አሳታሚ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው "ኦሮማይ" ደግሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አንባቢ ያን መጽሐፍ የፈለገው ማን ሸለመው ብሎ አልነበረም።

ሽሙጡ ይቅርና ነገሩ እንዲህ ነው። 16 ገጽ የጎደለውን ልብ ወለድ የጻፈውን ሰው አውቀዋለሁ። ከማተሚያው ወጪ ግማሹን የከፈለው እሱ ነው። ስንት ቅጂ እንደታተመ አልተነገረውም። ስንት እንደተሸጠ ሲጠይቅ "ሒሳቡ እየተሠራ ነው" ይሉታል። እስካሁን ሰባራ ሳንቲም አልደረሰውም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ የኢኮኖሚ መብት ይሰጣል፤ ክፍያ በካባ ይፈጸማል የሚል አንቀጽ የለበትም። ለአዳራሽ፣ ለአበባና ለካሜራ የሚሆን ገንዘብ ያለው ቤት ለጠረዛና ለደራሲው ድርሻ ከየት አጣ? ዕዳ በጭብጨባ አይከፈልም።

ታዲያ ለምን ዝም ትላለህ ብዬ ጠየቅኩት። "በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ካባ ደርበውልኝ፣ በማግስቱ በምን ዓይኔ አይቻቸው ገንዘብ እጠይቃለሁ?" አለኝ። አሳታሚው የሚያውቀው ይህንን ነው። ደራሲው ይሉኝታ ያለው ሰው መሆኑን ያውቃል፤ ከካባው ዋጋ የደራሲው ድርሻ እንደሚበልጥም ያውቃል። ሌላው ሁሉ፣ ማሲንቆው፣ እልልታው፣ የክብር እንግዳው፣ ማጀቢያ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ረቂቅህን ይዘህ ወደዚህ ቤት የምታመራ ወጣት፣ ካባ ሲያመጡልህ ትከሻህን ከማቅረብህ በፊት ስንት እንደታተመ፣ ስንት እንደተሸጠና ያንተ ድርሻ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቅ። እዚያው ከመለሱልህ ልበሰው፤ ያምርብሃል። "ከፕሮግራሙ በኋላ እንነጋገራለን" ካሉህ ግን ፕሮግራሙን ያላንተ ያካሂዱት፤ የሚያጨበጭብ አያጡም።