የባቄላው ሥር ሸንጎ

ተረት ተረት። በገሰራ፣ ከዋቤ ሸበሌ ሸለቆ በላይ ባለው ማሳ፣ በአንዲት ባቄላ ሥር እብጠቶች ውስጥ ባክቴሪያዎች ይኖሩ ነበር። ባቄላዋ ስኳር ትሰጣቸዋለች፤ እነሱም ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ይመግቧታል።

ከጂኖቻቸው አንዱ መርዝ አሠሪ ነበር። ጠላት በመጣ ጊዜ አድኗቸዋል። ጠላት ከሄደ በኋላም ማዘዙን አልተወምና መርዙ ጎረቤት ፈጀ። ወጣቶቹ ባክቴሪያዎች «ቆርጠን እንጣለው» ሲሉ አንዲት አሮጊት «ልጆቼ፣ ነገ በምን እንመክታለን? ይቀመጥ፤ ትእዛዙ ግን አይፈጸም» አለች። በትእዛዙ መሐል ዩኤጂ ተብሎ የሚነበብ ቃል አስገቡ።

ትእዛዝ አንባቢው ራይቦዞም እንደ ልማዱ ሦስት ሦስት ፊደል እያነበበ፣ በየቃሉ አንድ አሚኖ አሲድ ከተሸካሚ እየተቀበለ ሰንሰለቱን ቀጠለ። ዩኤጂ ላይ ቆመ። ከ64ቱ ቃላት ሦስቱ ተሸካሚ የላቸውም። በተሸካሚ ፈንታ ሰንሰለት ፈቺው መጥቶ ግማሹን ሰንሰለት ለቀቀው፤ ጠራጊዎችም በታተኑት።

«በአንዲት ቃል አፌን ትዘጉኛላችሁ?» አለ ጂኑ።

«ከላያችን በሚያርሱት ሰዎች ዘንድ አባ ገዳ ስምንት ዓመት ሲሞላው ሥልጣኑን ያስረክባል፤ ጠልተውት አይደለም» አለችው አሮጊቷ።

ዳሩ ግን አንዱ ተሸካሚ በአንዲት ፊደል ተለወጠና ዩኤጂን ማንበብ ቻለ። ፈቺውን ቀድሞ ደረሰ፤ መርዙም ወጣ። የባሰው ሌላ ነው፤ በዩኤጂ የሚያልቁ ደህና ትእዛዞችም ማለቂያቸውን እያለፉ የማይረባ ጭራ አበቀሉ። ለአንድ ኃይለኛ የተጣሰ ወሰን ለሌላውም ወሰን አይሆንም፤ ይህን ሳስብ አገሬን አስባለሁ።

ሰዎችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተመራማሪዎች በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ 321 ዩኤጂዎችን በዩኤኤ ተኩ። በ2015 ደግሞ ዩኤጂን ለሕይወት በሚያስፈልጉ ጂኖች መሐል አስገብተው፣ ሰው ሠራሽ አሚኖ አሲድ ካላገኘ ባክቴሪያው እንዳይኖር አደረጉ። ቃሉ በአንድ ጂን ብቻ ሲገባ ከእገዳው ያመለጡ ባክቴሪያዎች ነበሩ፤ በብዙ ጂኖች ሲበተን አምላጭ ፈልገው አጡ።

የባቄላው ሥር ሸንጎም እንዲሁ አደረገ። ደህናዎቹን ትእዛዞች በዩኤኤ ዘጋቸው፤ በመርዙ ትእዛዝ ላይ ከዩኤጂ ቀጥሎ ዩኤኤን፣ ከዚያም ዩጂኤን ጻፈ። ተሸካሚው መጣ፣ የመጀመሪያውን አለፈ፣ ሁለተኛውን ማንበብ አቃተው። ፈቺው ደረሰ።

«እማማ፣ ጠላት የመጣ ዕለትስ ማን ይከፍተዋል?» አሉ ወጣቶቹ።

«ሸንጎ ተቀምጠን፣ ሁላችን እያየን እኛው እንከፍተዋለን። ስንጨርስም መልሰን እንጽፈዋለን» አለቻቸው።