የእጅ ዋጋ አተረፍን ብለን

«ለእጅ ብቻ ይሄን ያህል?» እያልን ብሩሽና መዶሻ ያነሳን የአዲስ አበባ ሰዎች በዝተናል። ማንስ ይፈርድብናል? የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው የሚረከበው ብዙውን ጊዜ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ ግድግዳው ቀለም ያልነካው ቤት ነው። የባንኩን ዕዳ ከነወለዱ እየከፈለ፣ እስኪገባበትም የቤት ኪራይ እየገፈገፈ፣ ለባለሙያ የሚሆን ከየት ያምጣ?

የሚያንገበግበን ድካሙ አይደለም። ቅዳሜና እሑድን ሠውተን፣ ወገባችን እስኪቆረጥ ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን ያዳንነው ገንዘብ ዕቃ መሸጫው ጋ መቅረቱ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ አልቀመስ ብሏል። መደርደሪያ ልስቀል ብትል የብሎኬቱ ውስጥ ክፍት ስለሆነ ሚስማር አይዝም፤ ፊሸር ይፈልጋል፣ ፊሸሩ ደግሞ ድሪል። ለአንዲት መደርደሪያ ድሪል ይገዛል?

የቧንቧው ነገር ግን ከዚህም ይብሳል። ግማሽ ኢንች ተብሎ የተገዛ ኤልቦ ጥርሱ ከቧንቧው አልገጥም ይላል፤ ቴፍሎን ብትጠመጥምበትም ያንጠባጥባል። ልመልስ ብለህ ስትሄድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይጠብቅሃል። ደረሰኝ አለኝ ብለህ እንዳትከራከር፣ ሲሸጥልህ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ይቀነስልሃል» ተብለህ፣ ኪስህ ስለሳሳ ተስማምተህ ወስደሃል። ሌላ ገዝተህ ብትገጥምም ውኃው በፈረቃ ነው፤ መያዙን የምታውቀው ተራህ ደርሶ፣ ምናልባት በእኩለ ሌሊት፣ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ካፈሰሰ የሚርሰው የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ነው። የሰው ቤት አበላሽቶ ከጎረቤት ጋር መቀያየም በምን ብር ይተመናል?

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ የኤሌክትሪክ ገመዱ ነው። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ተብሎ የተሸጠው ሲላጥ መዳቡ ቀጥኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በዚያ ላይ ምጣድ ሲሰካበት ገመዱ ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እሳት ነው። የምጣድ መስመር ድሮም ከሶኬት መስመር ወፈር ያለ ገመድ ይፈልጋል፤ ቆጣሪውንና ጭነቱን አይቶ የሚወስን ባለሙያም ያስፈልገዋል። በዚህ መቆጠብ አይቻልም፣ የቤተሰብ ነፍስ አለበት።

ነጋዴዎች ሆይ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ ካርቶን ሴራሚክ፣ ያልገጠመ ኤልቦ መልሳችሁ ብትቀበሉን ምን ትጎዳላችሁ? ገበያውን የምትቆጣጠሩም ሱቅ ስትገቡ የንግድ ፈቃዱን ብቻ አትዩ፤ ገመዱንም አስልጡና መዳቡን ለኩት።