ሲፎኑ ምን በደላችሁ?

«ዘይቱን በሙቅ ውሃ ሸኘሁት» ትይኛለሽ። የሸኘሽው እስከ በር ነው፣ እህቴ! ውሃው ትንሽ እንደሄደ ይበርዳል፤ ዘይቱ እዚያው ይቀራል። ፓልም ዘይቱ በብርድ ረግቶ አልቀዳ ሲልሽ ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ ስታቆሚው አይቼሻለሁ። ለቧንቧሽስ ማን ፀሐይ ያሞቅለታል? ድስቱን መጀመሪያ በሶፍት ጥረጊው፣ ከዚያ እጠቢው።

«የቡና አተላ እኮ ደቃቅ ነው።» ደቃቅም ቢሆን ይዘቅጣል! ጀበናው ሥር የተኛ፣ ሲፎኑም ሥር ይተኛል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥታችሁ አራተኛውን ለቧንቧ አትቅዱለት። የሊጥ ዕቃ እጣቢም ያው ነው፤ ከስቡ ጋር እየተለጠፈ ይወፍራል።

«አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ጨመርኩበት፣ አረፋውን ብታየው!» አየሁት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ወደ ላይ ወጣ፣ ስቡ ከታች ቀረ። «እንግዲያው የፈላ ውሃ ልድፋበት?» አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የፒቪሲ ቧንቧ ግን 80 አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። ስቡን ላቀልጥ ብለሽ ቧንቧውን ታጣምሚዋለሽ።

«በረኪና ደፋሁበት፣ እምቢ ሲለኝ አሲድ ጨመርኩበት» ያልከኝ ወንድሜ፣ ከአንተ ጋር ግን ቀልድ የለኝም። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል። ከዚያ ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛ ትጠራና አንዲት ቃል ሳትተነፍስ «ፍታልኝ» ትለዋለህ። ልጁ ከሲንኩ ሥር ተንጋሎ ሲፎኑን ሲፈታ የደፋኸው ሁሉ ፊቱ ላይ ነው የሚወርደው። የደፋኸውን ንገረው! ዐይኑ የእንጀራ ገመዱ ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ጎንበስ በል! ባልዲ ከሥሩ አስቀምጥ፣ የፕላስቲኩን ዳዶ በእጅህ አላላው፣ ሲፎኑን አውርደህ በአሮጌ ብሩሽ እጠበው። ባልዲው ውስጥ የወረደውን እዚያው ሲንክ ላይ አትድፋው፤ ከሥሩ ቧንቧ የለም። ስትገጥም ጎሚኒው ሳይጣመም በቦታው ይቀመጥ፤ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ቀይረው። «ያንጠባጥባል፣ ቴፍሎን ልጠቅልልበት» እንዳትለኝ! እዚህ ቦታ ውሃውን የሚይዘው ጎሚኒው እንጂ ጥርሱ አይደለም። በመፍቻም አታጥብቀው፤ ፕላስቲክ ነው፣ ይሰነጠቃል።

«ሲፎኑን አውጥቼ ቀጥ ያለ ቱቦ ገጠምኩበት፣ መዘጋቱ ቀረ።» ቤቱስ ለምን ሸተተ? ቧንቧው የታጠፈው ቦታ ጠፍቶ አይደለም። እጥፋቱ ውስጥ የሚቀረው ውሃ የፍሳሹን ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ ይዘጋል። አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ የሰዓት ሠሪ ይህን እጥፋት ለመጸዳጃ ቤት ያስመዘገበው በ1775 እ.ኤ.አ. ነው። አንተ ግን በአንድ ቀን ነቅለህ ጣልከው። መልሰህ ግጠመው። ብዙ ጊዜ የማትጠቀምበት ሲንክ ካለህም አልፎ አልፎ ውሃ አፍስስበት፤ ያ ውሃ ሲደርቅ ሽታው ይገባል።

«ሲፎኑን አጸዳሁ፣ አሁንም አልወርድ አለ።» ጎረቤቶችህን ጠይቅ። የእነሱም ከተዘጋ ችግሩ ያለው በጋራው ቧንቧ ላይ ነው፤ የአንተ ብሩሽ አይደርስበትም። በኮንዶሚኒየም ከላይ የተደፋው ሁሉ በአንድ ቧንቧ ይወርዳል፤ ከታች ከተደፈነ ደግሞ መውጫ የሚያገኘው ምድር ቤት ባለው ሲንክ ነው።

«የተዘጋው የምድር ቤቷ እማማ ሲንክ ነው፣ እሳቸው ያስጠርጉት» ላሉት የአራተኛ ፎቁ ጋሼም መልስ አለኝ። እማማ ዛሬ እርስዎ ምሳ ምን እንደበሉ ያውቃሉ፤ በሲንካቸው ወጥቶላቸዋል። የመዋጮ ድርሻዎን ይያዙና ይውረዱ፣ ጠራጊው በር ላይ ቆሟል።